ሼህ ሽፋ የሰጡን ቤት

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ሸዋንግዛው፣ አዲስ አበባ። ናፍቆትህ ሳይለየኝ እንደምን ከርመሃል እላለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ባሌ ፈቃደ የሚያስተምርበትን ትምህርት ቤት የጣሊያን ሰላቶ ሲያቃጥለው የቡታጅራ ሰው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የቁርኣን አስተማሪው ሼህ ሽፋ ቤታቸውን ሰጡን፤ ጎረቤቱ እንጨትና ሣር አምጥቶ አሰፋው። እሳቸው ጠዋት ቁርኣን፣ ፈቃደ ከሰዓት ፊደልና ሂሳብ ያስተምሩ ጀመር። ልጆቹ የሚጽፉት በእንሰት ቅጠል ላይ በእሾህ ነው። ባንዳ ሲመጣ ቅጠሉን ለላም እንሰጥና የክርስቲያኑም ልጅ አብሮ ቁርኣን ይቀራል።

ባለፈው ሳምንት ግን ባንዶቹ በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡ፣ ልጄ እሌኒ «አሚን» ብላ በልማዷ አማተበች።

የሼሁን ጥርስ በሰደፍ አራገፉት። «አማራው አስተማሪ የት አለ?» ሲሏቸው «እዚህ የማስተምረው እኔ ብቻ ነኝ» አሉ። እጃቸውን ረግጠው ሰበሩት። ፈቃደ በጓሮ በኩል ወጥቶ ነበር። ወዲያው እንሰቱ ውስጥ ተኩስ ሰማን፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ትምህርቱ አልቆመም። ሼሁ እጃቸውን በጨርቅ አስረው ጠዋቱን ያስተምራሉ፤ ከሰዓቱን እኔ ይዣለሁ። ጎረቤቶች በየተራ መንገዱን ይጠብቁልናል። እሌኒ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አታወጣም፤ የምትጽፈው በግራዋ ነው።

ገበያው መሃል የተሰቀሉ ሰዎች አሉ ይባላል። እኔ አልሄድኩም። ጨው የምትገዛልኝ የሼሁ ባለቤት ከድጄ ናት። ስትመለስ ዓይኔን አታይም፤ እኔም አልጠይቃትም።

እሌኒ ጉልበትህን ትስማለች። ፈቃደም ሰላም ይልሃል፤ ቤት ቢሆን በራሱ እጅ ይጽፍልህ ነበር።

እህትህ መሰለች