አባቴ ያጻፈኝ ቃል

አሰበ ተፈሪ፣ ግንቦት 3 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ድሬዳዋ ላለችው እናቴ

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ፣ ዓይንሽስ ደህና ነው? መጠየቅ ወግ ነውና ጠየቅሁሽ። እኔና ወንድሜ ደህና ነን፣ ክብር ለእሱ ይሁን። ጎረቤታችን ዘይቱናም አለች። በአባቴ ለቅሶ ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛውን ያስተናገደችው እሷ ናት። አንቺ ያልሆንሽልንን ስትሆንልን ይኸው አሥር ዓመቷ።

ለአርባው ልምጣ ወይ ብለሽ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ሳነበው ተናደድኩ፣ ሌላ እንዳይመስልሽ። በምን ዓይንሽ ልታዪን ነው? የዚያ የጭነት መኪና ሾፌር ጋቢና ውስጥ ገብተሽ ስትሄጂ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ገና ጡት አልጣለም።

ለመሆኑ አባቴ፣ ጀምበሩ አናጢው፣ ካንቺ በኋላ እንዴት እንደኖረ ታውቂያለሽ? ልንገርሽ፣ ይቆጭሽ። ፊደል እንደማያውቅ አልረሳሽም። የሰው በርና መስኮት የሚለካው በሲባጎ ነበር፤ ልኩን እየቋጠረ ይይዘዋል። ገለምሶ ሠርቶ ሲመለስ ቋጠሮ የበዛበት ሲባጎ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይመጣል፤ የትኛው ቋጠሮ የማን በር እንደሆነ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ወንድሜን በአንቀልባ አዝሎ ሳንቃ ሲልግ ገበያተኛው ቆሞ ይስቅበት ነበር። እሱ መላጊያውንም አላስቀመጠ፣ ልጁንም አላወረደ። ሹሩባ መሥራት ከዘይቱና ተማረ። ጣቱ ሻካራ ስለነበር ጸጉሬን ይነጨኛል፤ እኔም እያለቀስኩ አንቺን እረግማለሁ። የወንድሜን አልጋ በየመስከረሙ እንደ ቁመቱ ያስረዝምለት ነበር። አግባ ሲሉት ደግሞ፣ ባለቤት አለችኝ፣ መንገድ ሄዳ ነው ይላቸዋል። ይህን ሲል በሰማሁ ቁጥር ይበልጥ እጠላሽ ነበር።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። በ1956 የመጀመሪያው ደብዳቤሽ መጣ። አባቴ ሂርና ሥራ ውሎ ሲመለስ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ አንብቢልኝ አለኝ። ፖስታው ተቀዶ ነበር፤ ደብዳቤ የሚያመላልሱት ሾፌሮች ከፍተውት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሰውዬው እንደጣለሽ፣ አባቴ ይቅር ካለሽም እንደምትመለሺ ጽፈሻል። እኔ ግን «ተመችቶኛል፣ አትፈልጉኝ ትላለች» ብዬ አነበብኩለት። እሱም፣ በይ መልስ ጻፊልኝ ብሎ ቃሉን ነገረኝ። ያለኝን አልጻፍኩም። አግብቻለሁ፣ ደጄን እንዳትረግጪ ብዬ በስሙ ጻፍኩልሽ። በዕድሜዬ እንደዚያ አምሮልኝ ጽፌ አላውቅም።

ሁለተኛውም ሦስተኛውም ደብዳቤሽ እንዲሁ ሆነ። አዎ፣ እኔ ነኝ ያደረግሁት። አባቴ አላገባም፤ አንድም ቀን ክፉ አልተናገረሽም። አምስት ዓመት ሙሉ በሌለች ሚስት ቀንተሽ፣ አልቅሰሽ ከሆነ እሰየው። እኔም በዘጠኝ ዓመቴ መንገድ ዳር ቆሜ አልቅሻለሁ።

ይህን ነግሬሽ፣ አትምጪ ብዬሽ፣ አንጀቴ ሲርስ ላበቃ ነበር ወረቀቱን ያነሳሁት። ዳሩ ግን አንድ ነገር መሐል ገባ። ትናንት የሂርናው ጫት ነጋዴ ዓሊዩ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሾፌሮቹ ደብዳቤሽን የሚያስቀምጡት ለካ እሱ ሱቅ ኖሯል። ኦቦ ጀምበሩ ወደ ቤት ከመውሰዱ በፊት እኔን ያስነብበኝ ነበር አለኝ፤ ሦስቱንም አንድ ቃል ሳላስቀር አንብቤለታለሁ አለ።

እንግዲህ አስቢው። እኔ ከራሴ ፈጥሬ ሳነብለት፣ እሱ እያወቀ ነበር የሚያዳምጠኝ። ዓሊዩ መልሱን እኔ ልጻፍልህ ብሎትም ነበር። አባቴ እንቢ አለ። የተጎዳችው ልጄ ናት፤ እሷ የተጻፈውን እንዳለ ያነበበችልኝ ቀን ሚስቴ ትመጣለች፤ እስከዚያ እጠብቃታለሁ ብሎ መለሰለት።

አምስት ዓመት ጠበቀኝ። እኔ አንቺን ብቻ የቀጣሁ መስሎኝ ነበር።

የመሣሪያ ሳጥኑን ስከፍት ሦስቱን ደብዳቤዎች በሲባጎ ታስረው አገኘኋቸው። ሲባጎው ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ። የምን ልክ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው የለም።

ይቅር አላልኩሽም፣ እወቂው። ጥለሽን የሄድሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ያጠፋሁት ያንቺን አይሽረውም። ነገር ግን ያጻፈኝን ቃል ሳላደርስ አርባውን ማውጣት አቃተኝ። ሦስቱንም ጊዜ ያለኝ አንድ ነው፤ አንድ ፊደል ሳልጨምር ይኸው፦

«እኛ ደህና ነን። ልጆቹ አድገዋል። አልጋሽ ላይ ማንም አልተኛም። ይህን በር የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ማን እንደሚገባበትም የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሰው ምን ይለኛል ብለሽ እንዳትቀሪ። ክረምት ሳይገባ ነዪ።»

አርባው ግንቦት 14 ቀን ነው። ክረምቱ ገና አልገባም።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። ምርቃቱን ከአባቴ ቁጠሪው፤ የእኔ ገና ነው።

የአናጢው ልጅ፣
ያንቺም