ትኩስ አቧራ

መጋቢት 12 ቀን 1976

ዛሬም ቀኑን ሙሉ ድንጋይ። ጋሽ ሙሄ የመቃብር ድንጋይ ላይ ስም ይቀርጻሉ፣ እኔ ጎን ጎኑን አለሰልሳለሁ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ከራስ መኮንን ድልድይ በኩል በመስኮቱ ገባች። እጄ ቆመ። አቧራው አየር ላይ ተንሳፎ ያበራል... ነጭ፣ ቀስ ያለ፣ የማያርፍ። የፒያሳ ወርቅ ቤቶች ሁሉ ተደምረው ይህን አያህሉብኝም።

«እምሩ፣ ደግሞ ሄድክ?» አሉ ጋሽ ሙሄ።

«እዚሁ ነኝ።»

«ገላህማ እዚሁ ነው።»

መጋቢት 19

የቀበሌ ጽዳት ዘመቻ። መንገድ ስንጠርግ ጋሽ ሙሄ አፍንጫቸውን በፎጣ ሸፈኑ፣ እኔም በሻርፕ። የመንገድ አቧራ ክፉ ነው፣ ስንቱ ረግጦታል። ድንጋይ ወደምንቆርጥበት ሱቃችን ስንገባ ግን ፈታነው። የድንጋይ አቧራ ንጹሕ ነዋ! ማንም ያልረገጠው፣ ገና ከድንጋይ ሆድ የወጣ። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ነው የሚያምኑት። ማታ እንደ ልማዳችን አንዳንድ ብርጭቆ ወተት ጠጣን። «ደረት ያጥባል» አሉ። ከዚያ ሳሉ።

ሚያዝያ 6

እህቴ አይናዲስ መጣች። አራት ኪሎ ኬሚስትሪ ትማራለች። ምሳ ይዛልኝ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ይሄን ነው የምትተነፍሱት?»

«ምን ችግር አለው፣ ንጹሕ ነው።»

«አዲስ ስለሆነ እኮ ነው የባሰው።»

ድልድዩ አጠገብ ተቀምጠን አስረዳችኝ። ይሄ የምንቆርጠው ድንጋይ ኳርትዝ የሚባል ነገር አለበት። ሲሰበር አዲሱ ገጹ ዕረፍት የለውም፣ ያገኘውን ይለክፋል። ሳንባ ከገባ ሥጋውን ያቆስላል። ሰንብቶ አየርና እርጥበት ሲያገኘው ይበርዳል። ሸክላ አፈር ሲለብሰው ደግሞ ጉዳቱ ይቀንሳል።

«ድንጋዩ ያው ነው፣ የሚለየው ቆዳው ነው» አለች። «የቆየውም ደህና ነው አላልኩህም።»

ወተቱስ? ልትስቅ ነበር፣ ፊቴን አይታ ተወችው። «ወተት በሌላ መንገድ ነው የሚወርደው፣ እምሩዬ።»

ፈራሁ። የጋሽ ሙሄ ሳል...

ሚያዝያ 7

ዛሬም አቧራው ያምራል። እንዴት እንዲህ ያምራል?

ሚያዝያ 15

ነገርኳቸው። ውሃ እያንጠባጠብን እንሥራ አልኩ።

«ፊደሌንስ?»

ፊደሉን በከሰል ይስሉና በመሮ ይከተሉታል። ውሃ ከነካው ይጠፋል። «የሰው ስም አበላሽቼ ለሐዘንተኛ ልስጥ?» በዚያ ላይ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የታዘዘው ትልቁ ድንጋይ አለ። የቀበሌው ጓድ በየቀኑ ብቅ እያለ «በርቱ» ይላል። በደረቁ ቀጠልን።

ግንቦት 2

አፍንጫቸውን እንዲሸፍኑበት ፎጣቸውን አርጥቤ ሰጠኋቸው። አንገታቸው ላይ ጣሉት። «ያቀዘቅዛል፣ ተባረክ።»

ግንቦት 21

አብረን ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስንወጣ ቆም አሉ። የአንድ ወርቅ ቤት መስኮት የሚያዩ መሰለኝ። «ለማን ሊገዙ ነው?» ብዬ ቀለድኩ። ለካ የቆሙት ትንፋሻቸው እስኪመለስ ነው። እኔም ወርቁን የማይ መሰልኩ።

ሰኔ 4

ጋሽ ሙሄ ራጅ ተነሡ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ ዘረጋው። ሁለቱም ሳንባ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ... የጠራ ሌሊት ሰማይ ይመስላል። ቆንጆ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ወዲያው ራሴን ጠላሁ። የተጎዳው አይመለስም አለ ሐኪሙ። ካሁን በኋላ አቧራ እንዳይነካቸው።

ጋሽ ሙሄ የማያውቀውን አገር ፎቶ እንደሚያይ ሰው አዩት።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አሉ። «ብዙ ሠርቻለሁ ለካ።»

ሰኔ 9

ከሰሉን በዘይት ቀለም ቀየርነው። ሲደርቅ ውሃ አይነካውም። ይህን ያህል ቀላል ነበር? ከግድግዳ ቀቢዎች ያገኘሁት ቀይ ብቻ ነው። ጓዱ ቀዩን ፊደል አይቶ በጣም ተደሰተ፣ ለአብዮቱ መስሎታል። ጋሽ ሙሄ ውጭ በር ላይ ተቀምጠው በብሩሽ ይስላሉ። መሮው ለኔ ሆነ። መሮውን ሲሰጡኝ እጄን ትንሽ ይዘው ቆዩ።

ሐምሌ 11

ዝናብ። አልመጡም። ልጃቸው ረሂማ «ዛሬ ደረታቸው ከብዷቸዋል» ብላ ላከች።

ነሐሴ 24

የቀበሌ ሰዎች ትልቁን ድንጋይ ወሰዱት። ሱቁ ጭቃ በጭቃ ነው፣ እግሬ ከረጠበ ሰነበተ። ጋሽ ሙሄ ከቀትር በኋላ መጡ፣ መንገድ ላይ እያረፉ። ብሩሹን አልነኩም። ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ምን ፈለጉ፣ ጋሼ?»

«ምንም። ሥራህን ሥራ።»

ውሃውን አንጠባጥቤ ቀጠልኩ። ደረታቸው ሲር ሲር ይላል። ብዙ ቆዩ። ስዞር ጭንቅላታቸውን ወደኔ ዘንበል አድርገዋል።

«ምን እያዳመጡ ነው?»

«ትንፋሽህን።»

«እና?»

«አይሰማም» አሉ። «አልሐምዱሊላህ።»