ሳይመለስ የመሰከርኩለት

ዓርብ፣ ግንቦት 4/1992፣ መ/ቤት፣ ምሳ ሰዓት

ገና ሦስት ገጽ ይቀረኛል። የጽሕፈት መኪናው ሪባን ደርቋል፤ ግማሹ ፊደል ይታያል፣ ግማሹ ጥላ ነው። አለቃዬ ምሳ ወጥቷል። እኔ አልበላሁም።

ግንባር ላይ ውጊያ ተጀምሯል ተባለ። መ/ቤቱ ሁሉ ባንዴ ማውራት ጀመረ። እኔ መተየቤን ቀጠልኩ። ምን ላድርግ?

ደብተሬ፣ ለማ የመጨረሻ ደብዳቤውን የጻፈልኝ በየካቲት ነው። አንድ ገጽ ተኩል። እኔ ናፍቆት እጠብቃለሁ፣ እሱ የሚጠግናቸውን የጦር መኪኖች ይዘረዝርልኛል። ፍሬን፣ ራዲያተር፣ ፍሪሲዮን። መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ወረቀቱ ሲያልቅበት፣ ድምፅሽ ናፈቀኝ ይላል። ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት አስሮልኝ፣ በሁለተኛው ወር ዘመተ። ማንም አላስገደደውም፤ ከጋራዡ ወጥቶ ራሱ ሄዶ ነው የተመዘገበው። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

የእሑድ ትምህርት የእኔ ተራ ነው። የቤ/ክ ሽማግሌያችን ጋሽ በቀለ 2ኛ ዜና መዋዕል 20ን ሰጡኝ። ኢዮሣፍጥ፣ ጦር የመጣበት ንጉሥ። ሆን ብለው ይመስለኛል።

እሑድ፣ ግንቦት 6

ምርጫ ስለሆነ ሰዉ ሰልፍ ላይ ነው፤ ክፍሉ ግማሽ ነበር። ያም ሆኖ ደስ ብሎኝ አስተማርኩ። ሦስት ሕዝብ ተባብሮ ሲመጣበት ንጉሡ ፈራ፤ መጽሐፉ አይደብቅም። ጾም አወጀ። ከዚያ ዘማሪዎቹን ከሠራዊቱ ፊት አስቀደመ። ዘማሪ እኮ! እንደ እኔ ያለ፣ ጉሮሮው ዝንጅብል የሚፈልግ። ምስጋናው ቀደመ፣ ድሉ ተከተለ። ያንን ቅደም ተከተል ወድጄዋለሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።

አንዲት የኮተቤ ኮሌጅ ተማሪ እጇን አወጣች። በመጨረሻ እርስ በርስ ስለተላለቁት ስለ ሦስቱ ሕዝቦች ጠየቀች፤ እነሱስ እናት አልነበራቸውም ወይ አለች። ጠላት ነበሩ ብዬ አለፍኩ። ወዲያው ሰናይት ትዝ አለችኝ። መዝሙር ስንዘምር በግራዬ ትቆም ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከነቤተሰቧ ከድንበሩ ማዶ፣ አሁን ወደምንዋጋቸው አገር ተላከች። ይህን ጊዜ እዚያ እየዘመረች ይሆናል፤ ያንኑ መዝሙር፣ ለወንድሟ። ጌታ የማንኛችንን ይሰማ? ይህን ክፍል ውስጥ አላልኩም። እዚህም ባልጽፈው ይሻል ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 27፣ ከሰዓት

ምን ሆኜ ነው?

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሬዲዮ ድል፣ ድል ይላል። ጉርድ ሾላ መኪናው ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋል። የወደቀውን ስም ግን ማንም አይጠራም። ከለማ ምንም የለም።

ዛሬ የምስክርነት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ልማዳችንን ታውቂያለሽ፤ ያልመጣውን እንደመጣ ቆጥሮ ማመስገን አለ፣ ግን በእምነት ነው ብሎ መናገር ግድ ነው። ያቺ ቃል ማሰሪያ ናት፤ ሰሚው ወሬ እንዳልሆነ ያውቃል። እኔ ጌታ ለማን ከእሳት መሐል አወጣልኝ አልኩ። በሕይወት አለ አልኩ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ማሰሪያዋን አላሰርኳትም።

ረስቼ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። አልረሳሁም። እንዴት እንደሚሰማ መስማት ፈልጌ ነው። ለአንድ ደቂቃ እውነት ነበር፤ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 29፣ ጠዋት

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከመገናኛ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንዲት የቤ/ክ እህት አገኘችኝ፤ እንኳን ደስ ያለሽ ብላ ሳመችኝ፣ መቼ እንደጻፈ ጠየቀችኝ። ቅርብ ነው አልኩ። ቅርብ! ወራጅ አለ ብዬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩና በእግሬ ሄድኩ። አለቃዬ ስላረፈድኩ ተቆጣ። ይቆጣ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 1፣ መ/ቤት

እማማ ጫልቱ መጡ። የለማ እናት። ከኮተቤ በላይ፣ ተራራው ሥር፣ ድሮ በሬ ጠምደው ያርሱበት በነበረው ቦታ ላይ ከተማው ዙሪያቸውን ከቧቸው ይኖራሉ። ታክሲ ያዞራቸዋል፤ በእግራቸው ነው የመጡት። ጥበቃው ጠራኝ። በር ላይ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ እንግዳ ቆመዋል።

ጎረቤታቸው የእኛ ቤ/ክ ሰው ናት፤ ለማ በሕይወት አለ፣ ለሂሩት ጽፎላታል ብላ ነገረቻቸው። ቅር አላላቸውም፤ ልጅ ለሚያገባት ቢጽፍ ወግ ነው አሉ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ስለ እኔስ ምን ይላል?»

ደብተሬ፣ እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ፊታቸውን አየሁና አልቻልኩም።

«ጉልበታቸው እንዴት ሆነ ይላል» አልኳቸው።

ሳቁ። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። አይረሳም፣ አሉ፣ አባቱም እንደዚሁ ነበር። ከዚያ የስለታቸውን ነገር አወሩኝ። ልጃቸው በሕይወት ካለ ለሚካኤል ባለ ዘርፍ ጥላ ተስለዋል። ለሰኔ 12፣ ለንግሡ፣ የካ ወስደው ያስገባሉ። እስራኤልን ከፈርዖን ሠራዊት ያሻገረ መልአክ የኔን አንድ ልጅ ማሻገር አያቅተውም ብዬ ነበር አሉ። አብሬያቸው እንድሄድ፣ ደብዳቤውንም ይዤ እንድመጣ። ጴንጤ መሆኔን ያውቃሉ፤ በር ላይ ትቆሚያለሽ አሉኝ።

እሺ አልኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 3

ልጽፈው ተቀመጥኩ። አዎ፣ ደብዳቤውን። የለማን እጅ ጽሕፈት አውቀዋለሁ፤ «መ»ን ሆዷን ያሰፋታል። «ውድ እናቴ» ካልኩ በኋላ ባዶ ሆንኩ። ከእናቱ ጋር በኦሮምኛ ነው የሚያወራው። ከእሳቸው ጋር ሲሆን እኔ የማላውቀው ሳቅ አለው፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያወሩ ቃሉ ሳይገባኝ እስቅ ነበር። ያንን ሰው ከየት አምጥቼ ልጻፈው? ወረቀቱን ቀደድኩት።

ናፍቆኛል። ሌላ ምንም አይደለም። የግራሶ ሽታው እንኳ ናፍቆኛል፤ እጅህን ታጠብ እያልኩ የማባርረው ሰው።

እሑድ፣ ሰኔ 4

ከአምልኮ በኋላ ጋሽ በቀለን ለብቻቸው አግኝቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሕዝቡ ፊት ቆሜ እንዳርመው ፈቃድ ጠየቅኩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ቃልሽን አትመልሺ አሉ። የኢዮሣፍጥ ዘማሪዎች ሠራዊቱን አይተው ወደ ኋላ ቢሉ ኖሮ ምን ይሆን ነበር አሉኝ። ለእነሱ አስቀድሞ በነቢይ ተነግሯቸው ነበር፣ ለእኔ ማንም አልነገረኝም አልኳቸው። እምነትሽ ነግሮሻል አሉ።

«እምነቴ አይደለም ጋሼ። ናፍቆቴ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። እንጸልይበት አሉና ተለያየን።

ሰኞ፣ ሰኔ 12፣ ከሰዓት

ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ትናንት ውጊያው ሊቆም ተፈረመ ተብሏል፤ የካ በሰው ተሞልታለች፣ ዝናብም አለ። እማማ ጫልቱ ጥላውን በነጠላ ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቅፈውታል። ደብዳቤውን አመጣሽ ወይ አሉኝ። ከአጥሩ ወጣ ብሎ ባሕር ዛፎቹ ሥር ወሰድኳቸውና ነገርኳቸው። ሳላሳምር። ደብዳቤ የለም፤ ስለ ጉልበትዎ ያልኩትም የእኔ ነው አልኳቸው።

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በኦሮምኛ የሆነ ነገር አሉ፣ ለእኔ አይደለም። ከዚያ ሞተ ያለሽ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ማይልኝ አሉ። ማልኩ፤ እኛ አንምልም፣ ግን ማልኩ።

«እንግዲያ ጥላው አይገባም። ሳይሰጠኝ ሰጠኸኝ ብዬ ሚካኤልን አላታልልም።»

ጥቅሉን እኔ ላይ ጣሉትና ብቻቸውን ገቡ። አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ዝናቡ ወረደብኝ፤ እቅፌ ውስጥ ጥላ እያለ በሰበስኩ። ነጠላው እንዳይርስ ጎንበስ ብዬ ነበር። ለለማ ጸለይኩ፤ ቃል አጥቼ ስሙን ብቻ ደጋገምኩ።

ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። ጥላቸውን ተቀበሉኝ። እስከ ታክሲ ተራው ተከተልኳቸው። በእግራቸው የቤታቸውን መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዞር አሉ።

«ውሸታም ነሽ፣ ሂሩት። ግን አሥራ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ወስዶኛል። ከእንግዲህ ሁለታችንም አንተኛም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ጠይቂኝ።»

ማክሰኞ፣ ሰኔ 13፣ መ/ቤት፣ ምሳ ሰዓት

ወስኛለሁ። እሑድ እቆማለሁ፤ ጋሽ በቀለ ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም። ለማ የት እንዳለ አላውቅም እላለሁ። ይኸው ነው። እልልታ አይኖርም። የሚያለቅስ ካለ ከእኔ ጋር ያልቅስ።

ለእሱም እጽፋለሁ፤ በድሮው አድራሻ፣ ይድረስ አይድረስ። እዚሁ ልጀምረው፣ አለቃዬ ሳይመለስ።

ለማ፣ እናትህ ስለ እኔ ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። ጉልበታቸው እንዴት ሆነ ይላል ብዬ ዋሸሁ። እባክህ እውነት አድርግልኝ። ለእኔ መጻፉን ተወው፣ እኔ እቆያለሁ። ለእሳቸው ብቻ፣ በራስህ እጅ፣ አንድ መስመር