አሥራ አንደኛዋ ጎማ

ይድረስ ለተወደድህ ወንድሜ ለብዙነህ፤

ከዚህ ከአሰብ ወበቅ ውስጥ ሆኜ፣ የደሴን ብርድ የሚያሞቅ ሰላምታ እልክልሃለሁ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው የጻፍህልኝ ሳል ለቀቀህ? እንቅልፍህስ ተመለሰልህ? እምዬ ጉልበቷን ዛሬም ያማታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆታችሁና ከሙቀቱ በቀር ደኅና ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ ደብዳቤ ሳሳጥርብህ ተቀይመኸኝ ይሆናል፤ ያልተጨረሰ ነገር ማውራት ስላልወደድሁ ነው። ለእምዬ ‹‹ታምሜ ተመለስሁ›› እንዳልሃት አውቃለሁ። ይህን ግን ለእርሷም ጮክ ብለህ አንብብላት። እንድትረዳውም ከመጀመሪያው ልነሣ።

ትሠራበት የነበረው መጋዘን ሹም ሣህሉ ከአንድ የመርከብ ሰው በስጦታ ያገኘውን ሣጥን አንተን አስከፈተህ። አንቱ ሳልለው ብጽፍ ስለ ጨዋነቴ አትስጋ፤ ፊት ለፊት እለዋለሁ። በሣጥኑ ውስጥ የነበረው ተገጣጥሞ ሲያልቅ ከስንዝር ብዙ የማይበልጥ፣ ከላስቲክ የተሠራ የጦር ካሚዮን ነው። እሱ መገጣጠም ሲጀምር የመለዋወጫ ጎማው ማንጠልጠያ ባዶ ሆነበት። ሣጥኑን ከእሱ ሌላ የነካ አንተ ብቻ ነበርህና ሌባው አንተ ሆንህ። በሠራተኛው ሁሉ ፊት ‹‹ዛሬ የአሻንጉሊት ጎማ የሰረቀ፣ ነገ የእውነተኛውን ይሰርቃል›› ብሎ አሰናበተህ። በምስክር ወረቀትህም ላይ ‹‹እጁ የማይታመን›› ብሎ ጽፎ ማኅተም አሳረፈበት። በዚያች ወረቀት የተነሣ ደሴም ላይ የሚቀጥርህ እንዳጣህ የጻፍህልኝን ደብዳቤ፣ ማጠፊያው እስኪቀደድ ድረስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

አንተ ከሄድህ በኋላ ሣህሉ ነገሩ ስላታከተው ሣጥኑን ‹‹ልጆች ይጫወቱበት›› ብሎ ለማስተምርበት ትምህርት ቤት ሰጠ። እኔም ዳይሬክተሩን ለምኜና ፈርሜ ወሰድሁት። ሣህሉ ከጭነት ማስቀመጫውና ከላይ ካጣበቀው ሸራ በቀር ምንም አልሠራበትም፤ የቀረው ዕቃ ገና ሳይቆረጥ እንደ ወይን ዘለላ በየግንዱ ተያይዞ ነበር። መመሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል ተረጎምሁት። መቶ ስልሳ ሦስት ዕቃ ይላል። ከዚህ ውስጥ ጎማው አሥራ አንድ ሲሆን ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ስምንት፣ መለዋወጫ አንድ ነው። ቆጠርሁ። አሥር ሆነ።

ልዋሽህ አልችልም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ተጠራጠርሁህ። ወንድሜ ነህ ብዬ ቁጥርን መካድ አልሆነልኝም። ስለዚህ ይቅርታህን እለምናለሁ።

በሦስተኛው ቀን ያን ሸራ የለበሰ ማስቀመጫ ወደ መስኮቱ አዙሬ በኋላው ክፍተት ብመለከት፣ አንድ ጥቁር ክብ ነገር ከወለሉ ጋር ተጣብቆ አየሁ። ምላጩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት። ብቻዬን ብከፍተው ‹‹ራስሽ ከተትሽው›› መባሌ አይቀርም። እንዳለ ይዤው አንተን እንደ ልጃቸው ወደሚያዩህ ባለ ሱቅ ወደ ሐጂ ኑህ ሄድሁ። ካሚዮን ነጂው ወልዴም ሲጋራ ሊገዛ ቆሞ ነበር። በሁለቱ ፊት የሸራውን ጠርዝ በምላጭ አላቀቅሁት። አሥራ አንደኛዋ ጎማ ሙጫ ጠጥታ ተኝታለች።

ወልዴ ገና ሲያያት ሳቀ። በዚህ በረሃ የሚመላለስ ነጂ ሁሉ ሁለት መለዋወጫ እንደሚይዝ ታውቃለህ፤ አንዱን በማንጠልጠያው፣ አንዱን ከጭነቱ ላይ፣ ከሸራው ሥር። ሣህሉ በየቀኑ የሚያየው ይህንኑ ስለሆነ መመሪያውን ሳያገላብጥ ያለችውን አንዲት መለዋወጫ ሸራ ሥር አጣብቆ ሸፈናት። ከዚያ ለማንጠልጠያው ሁለተኛ ቢፈልግ ከየት ይምጣ? ወልዴ ‹‹ሰው ጎማውን ሸራ ሥር የሚከተው ሌባ ፈርቶ ነው፤ ይኼ ሰውዬ ግን ከራሱ ሸሸገው›› አለ።

በዚያው ቅጽበት ወደ መጋዘኑ ልሮጥ ቃጥቶኝ ነበር። ነገር ግን ‹‹ሌላም ዕቃ ጎድሏል›› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? አንዲት ቅንጣት ሳትጎድል ገጣጥሜ፣ መልስ የማያገኝለትን ነገር ከፊቱ ላቆም ቆረጥሁ። ምስክሮቼን እስከዚያ ዝም እንዲሉልኝ ለመንኋቸው። ሐጂ በቀላሉ ቻሉት፤ ወልዴን ግን እንደ ምጥ ያዘው።

ከትምህርት ሰዓት በኋላና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስሠራ ከረምሁ። የባሕሩ ነፋስ ዕቃውን እንዳይበትንብኝ መስኮቱን ዘግቼ፣ ላቤ ሙጫው ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በሻሽ አሥሬ ነው። ከጤፍ ብዙ የማትበልጥ የበር እጀታ በወረንጦ ይዤ ትንፋሼን ስውጥ፣ በዓይኔ ላይ የነበረው የሣህሉ ፊት ነው። ጭነቱን ከሥር የሚሸከመውን ባሌስትራ ስደራርብ እሱ፣ የሞተሩን ማራገቢያ ስተክል እሱ። አንድ ቀን የጎን መስታወቱ ከወረንጦው ተፈናጥሮ ጠፋብኝና ግማሽ ቀን በእንብርክኬ ፈልጌ ከገዛ ጫማዬ ውስጥ አገኘሁት። ዕቃ የጎደለበት ሰው እንዴት እንደሚያብድ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ግን ጎረቤቴን ሌባ አላልሁም።

በጥር መጨረሻ አለቀ። በሐጂ ሱቅ የመስኮት መስታወት ውስጥ አቆምሁትና የዕቃዎቹን ዝርዝር በአማርኛ ጽፌ ከጎኑ ሰቀልሁ። ከሥሩም ‹‹መለዋወጫ ጎማ አንድ፤ የተገኘችው ከሸራው ሥር ተጣብቃ ነው›› ብዬ የሁለቱን ምስክሮች ስም ጨመርሁ። የሣህሉን ስም አልጻፍሁም፤ የወልዴ አፍ ስለተፈታ አላስፈለገም። ሳምንት ሳይሞላ ነጂዎች መጋዘኑ በር ላይ እየቆሙ ‹‹አቶ ሣህሉ፣ ጎማ ጠፍቶብናል፤ እባክዎ ሸራዎን ይግለጡልን›› ይሉት ጀመር።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላከብኝ። ‹‹ካሚዮኑ ከመስታወቱ ይነሣ፣ እኔም ልጁን በጸጥታ ወደ ሥራው እመልሳለሁ›› የሚል ነው። ሽማግሌዎቹን ተነሥቼ በክብር ተቀበልሁ። ሆኖም በሕዝብ ፊት የተሰደበ በጸጥታ አይካስም አልኋቸው። በተናገረበት ቦታ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት፣ ጎማዎቹን በአፉ ይቁጠር፤ ከዚያም በዚያው ማኅተም ይጻፍ። አንደኛው ሽማግሌ ሴት ልጅ እንዲህ መጨከን አያምርባትም ቢሉኝ፣ ወንድሜም ሌባ መባል አላማረበትም አልሁ።

ባለፈው ቅዳሜ መጋዘኑ በር ላይ ቆጠረ። ከአምስት በኋላ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። ‹‹ጮክ ይበሉ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም›› አልሁት። ‹‹አሥራ አንድ›› ሲል የሳቀ ሰው አልነበረም። ላቡ በአገጩ ሲወርድ አየሁ። አዘንሁለት ብልህ ውሸት ይሆናል፤ ደስ አለኝ። የንስሐ አባቴ ቢገሥጹኝ እቀበላለሁ። ካሚዮኑን ግን አላነሣሁትም። ሣህሉ ወደ ሥራው የሚሄደው በሐጂ ሱቅ በኩል ነው፤ ጧት ማታ ይየው።

አዲሱን ምስክር ወረቀትህን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ‹‹ስርቆት አልነበረም፤ ስሕተቱ የእኔ ነው›› ይላል። ሥራህም ይጠብቅሃል፤ መመለሱን አንተ ታውቃለህ። አንድ ነገር ብቻ ሳልጨርስ ትቼልሃለሁ። አሥራ አንደኛዋን ጎማ በማንጠልጠያዋ ላይ አስቀመጥኋት እንጂ አላጣበቅኋትም። ለእርሷ የምትበቃ ሙጫ በቱቦው ጫፍ ቀርታለች። ሣህሉ ከመስታወቱ ውጭ ቆሞ እያየ፣ አንተ በገዛ እጅህ ታጣብቃታለህ።

የእምዬን ጉልበት ሳምልኝ። ለእትዬ ታደለች ምርቃቷ እንደደረሰኝ ንገራት። ትንሿ ሂሩት ንባቧን እንዳትተው፤ መመሪያ ያላነበበ ሰው ምን እንደሚደርስበት አጫውታት። ለጋሼ በቀለም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ‹‹በዘራችን ሌባ አልነበረም›› ያሉህን አልረሳሁምና ወረቀቱን ከሁሉ አስቀድመህ ለእርሳቸው አሳይ። ሐጂ ኑህና ወልዴ እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሃል። አንተ ደግሞ ሙጫው ሳይደርቅ ና።

እህትህ ሐረገወይን

አሰብ፣ የካቲት 16 ቀን 1951 ዓ.ም.