ግድግዳ ውስጥ የሚገባው በር

ለውድ የልጄ ልጅ ለሊዲያ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ሰይፈሥላሴስ እንዴት ነው? ልጅሽስ አደገች? የዶሃ ሙቀት አላከሳችሁም? እኔ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፤ የሚያቆሽሸው ሰው የለም።

በስልክ ልታስለውጪልኝ ስላሰብሽው የመኝታ ቤቴ በር ላጫውትሽ ስጀምር «አባባ፣ ቶሎ ይምረጡና ይንገሩኝ፣ ሥራ ልገባ ነው» እያልሽ ትዘጊብኛለሽ። የጎረቤታችን የአሰለፈች ልጅ ወደዚያው ስለምትመጣ ይህን ደብዳቤ በእጇ ላክሁልሽ። ወረቀት እንደ ስልክ አይዘጋምና እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

አናጢው ሳዲቅ የላክሽውን ፎቶ አይቶ፣ እሱ ራሱ እንዲህ ያለ በር ወደገጠመበት ሳሪስ ያለ አዲስ ቤት ወሰደኝ። በሩን በጣቱ ገፋ ቢያደርገው ግድግዳው ውስጥ ሹልክ ብሎ ገብቶ ጠፋ። ማጠፊያ የለው፣ መቃን የለው፣ ዙሪያውን የሚያስጌጥ እንጨት የለው፤ ልሙጥ ነጭ ግድግዳ ብቻ። «ሳይሰናበት የሚሄድ በር ነው፤ ሊዲያ ብትወደው አልፈርድባትም» አልኩት። ስከፍት ስዘጋ ብዙ ስለቆየሁ የቤቱ እመቤት «አባቴ፣ ሌላም የሚያዩት አለ?» ብላ በትህትና አስወጣችኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ወድጄዋለሁ። የመኝታ ቤቴ በር በተከፈተ ቁጥር አልጋውን ይመታል፤ በዚህስ ልክ ነሽ። ከቀለሙም ነጩን መርጫለሁ። ነገር ግን ሳዲቅ እንደሚለው፣ በሩ የሚደበቅበት ቦታ እንዲኖር የጭቃው ግድግዳ ፈርሶ ውስጡ ክፍት ሆኖ እንደገና ይሠራል፤ አሮጌው መቃንም ይነቀላል። እዚህ ላይ ስንደርስ ቆይ አልኩት።

አንቺ የአሮጌውን በር ፎቶ አይተሽ «መቃኑ ላይ ያለው ጥቁር ቆሻሻም አብሮ ይሄድልዎታል» ብለሽኝ ነበር። አይ የተማረ ሰው! ቆሻሻ ያልሽው የአያትሽ የዳሲቱ እጅ ነው። ሳሎኑ ሳይቀጠል ቤታችን አንድ ክፍል ነበር፤ ያ በር የውጭ በራችን ነበር። ሙሽራ ሆና ስትመጣ፣ እንደ ወጋችን እናቴ መዳፏ ላይ ቅቤ አኖረችላትና መቃኑን ቀብታ ገባች። እንዳንቺው አጭር ስለነበረች ላይኛው አልደረሰላትም፤ ወገቧን ይዤ ባነሳት ሚዜዎቼ መሳቂያ አደረጉኝ። ቅቤው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ጠቁሮ ቀረ። እሷ ካረፈች ወዲህ ልተኛ ስገባ እጄን አሳርፍበታለሁ። የማወራው ሰው ባጣ፣ መቃኑን «ደህና እደሪ» የምል ሽማግሌ ሆኛለሁ።

በሩ ይግባ፤ ምርጫዬን አልቀይርም። ሳዲቅ መቃኑን በመዶሻ ሲያወርደው ግን ብቻዬን ቆሜ ማየት አልችልም። የቀባችው የቤቱ ሴት ናት፤ የሚያወርደውም የቤቱ ሴት እጅ ይሁን። ካንቺ ሌላ ደግሞ የለኝም። ሳዲቅ «ክረምቱ ሳይገባ ቀን ይቁረጡልኝ» እያለ ይመላለሳል። «ቀኑ ያለው ሊዲያ ዘንድ ነው» ብዬዋለሁ፤ እንግዲህ ሁለታችንም አንቺን እየጠበቅን ነው።

ለሰይፈሥላሴ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በስልክ ሳየው ሆዱን የሚያሳብጠው የስልኩ ካሜራ ነው ወይስ ያንቺ ወጥ ብለሽ ጠይቂልኝ። ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ በስልክ ምላሷን ስታወጣብኝ እኔም ማውጣቴን አይታ እንደሆነ እንጃ። አሰለፈችም ሰላም ብላችኋለች።

አያትሽ ፈየራ
አቃቂ ቃሊቲ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.