በግምገማ የተነበበው ደብተሬ

ሰኞ፣ የካቲት 16 ቀን 2001

ልጻፈው ወይስ ይቅር እያልኩ ነበር። ቲቸር ዘለቀ እንግሊዝኛውን የሚያስተምሩን ተሳስተው ይመስለኛል። እንዲህ ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል። ድምፄ እንደማይወጣ አውቀው መልሴን በወረቀት የሚቀበሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከ«አይ» በኋላ «ሻል» እንጂ «ዊል» አይባልም ይላሉ። ዓረፍተ ነገር በ«ኤንድ» አይጀመርም ይላሉ። በቴሌቪዥን የምታስተምረን የፕላዝማዋ አስተማሪ ግን ሁለቱንም ታደርጋለች፣ ያውም እየፈጠነች። መጠየቅ ስለፈራሁ ከደብተሬ ጀርባ ለሁለት ከፍዬ ጻፍኩት፤ በአንድ በኩል የቲቸር፣ በሌላው የፕላዝማ። የማይገጥመው አሥራ አንድ ሆነ።

ማክሰኞ

መብራት ጠፋ። ፕላዝማ የለም። ቲቸር ደስ ብሏቸው ጠመኔ አነሱ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ዛሬስ ሻል አለዎት?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

የክፍል አለቃችን ምህረት ግን አልሳቀችም። «ፕላዝማዋ እንዲህ አትልም፤ የማናችሁን እንያዝ?» አለቻቸው።

«እኔ የተማርኩት ይህንን ነው። እሷ እንደሆነች እናንተን አታያችሁም» አሉ።

«ማትሪክ ላይስ ማን ያየናል?»

ወደ ሰሌዳው ዞረው መጻፋቸውን ቀጠሉ። በእረፍት ሰዓት ምህረት ደብተሬን ተዋሰችኝ። ኖት የምትገለብጥ መስሎኝ ሰጠኋት።

ረቡዕ

ከሰዓት የመምህራን ግምገማ ነበር። ምክትል ዳይሬክተሩ «ሳትፈሩ ተናገሩ» አሉን። ምህረት ደብተሬን ይዛ ተነሳች። «ክፍሉ ያጠናቀረው የስህተት ዝርዝር» ብላ አሥራ አንዱንም አነበበች። ስህተት ብዬ አልጻፍኩም! ግራ ስለገባኝ ነው የጻፍኩት።

ቲቸር ደብተሩን አዩት። ጽሕፈቴን ያውቁታል። ወደ እኔ ግን አልዞሩም።

«የሚሉት አለ?» ተባሉ።

«ልጆቹ እውነታቸውን ነው። እንዲሁ ነው ያስተማርኳቸው» ብለው ተቀመጡ።

ይነሱልን የሚል ወረቀት ዞረ። ሁሉም ፈረመ። እኔም ፈረምኩ።

ሐሙስ

ቲቸር አልገቡም። ሌላ መምህር ፕላዝማውን ከፍቶልን ወጣ። ሴትዮዋ ትናገራለች፣ እኛ እርስ በርስ እንተያያለን። ትክክል ብትሆንም አትጠየቅም።

ቲቸርን ከማስተማር አንስተው ንብረት ክፍል ሊያስቀምጧቸው ነው አሉ። ነገ ከሰዓት ይወሰናል።

ምህረትን «ምነው ሳትነግሪኝ?» አልኳት። ለእኔ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

«ብነግርሽ ትሰጪኝ ነበር? ደግሞ የጻፍሽው ውሸት ነው እንዴ?»

ውሸት አይደለም። የከበደኝም እሱ ነው።

ለአክስቴ ነገርኳት። ከገጠር አምጥታ፣ በስንት ጊዜዬ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት። ደነገጠች። «ተይ የኔ ልጅ፣ የግምገማ ነገር ስም ያስይዛል። አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ።

ማንም አልጠየቀኝም። ነገ ግን ባንዲራ ሳይሰቀል ምክትል ዳይሬክተሩ በር ላይ እቆማለሁ። ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ስላልገባኝ እንጂ ልከሳቸው አይደለም፣ ፊርማዬም ይሰረዝልኝ እላለሁ። ዛሬ ባዶ ክፍል ገብቼ ጮክ ብዬ ተለማመድኩት። እስከ ግማሽ ወጣልኝ። ቀሪውን እዚያው እለዋለሁ።