እንግሊዝኛ የሚናገር ተኩላ አይመለከተንም ላላችሁ

ለተከበሩ የቁማር ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ስቶክሆልም

ክቡርነትዎ፣ ከነቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? በእኛ በኩል በረዶው ገና አልቀለጠም፤ ሌላው ሁሉ ቀልጧል። በአገራችን ከንጉሡ በቀር ሁሉን ሰው «አንተ» እንደምንል አይጠፋኝም። ዛሬ «እርስዎ» ማለቴ ለቁጣዬ ልጓም እንዲሆነኝ ነውና ይፍቀዱልኝ።

ሲቭ ሄድክቪስት እባላለሁ፤ ሄልሲንግላንድ በሚባለው አውራጃ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ሲክስተን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በስልኩ ቁማር ለምዶ ነበር፤ ባለፈው መስከረም ግን ራሱ ፈቅዶ እናንተ ዘንድ ባለው ራስን ከቁማር የማገጃ መዝገብ ላይ ስሙን አስገባ። ፈቃድ የሰጣችኋቸው ድርጅቶች በሙሉ በራቸውን ዘጉበት። ስለዚህ አመሰግናለሁ። ይህችኛዋ ምስጋና እውነተኛ ናት፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡትን እንደ አመጣጣቸው ይቀበሏቸው።

አንደኛ፦ በሩ እንደተዘጋ አንዱ በመስኮት ገባ። ከሩቅ ደሴት ፈቃድ ያወጣ፣ «የማገጃ መዝገብ እኛን አያውቀንም» እያለ የሚፎክር ድረ ገጽ ሲክስተንን እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። ወደ እናንተ ስደውል ያነሳችልኝ ልጅ እንዴት ያለች ጨዋ ናት!

«ሲቭ፣ ድረ ገጹ እኮ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚያስከፍለውም በዩሮ ነው» አለችኝ። «በሕጉ መሠረት ስዊድናውያንን ዒላማ አላደረገም። እኛን አይመለከተንም።»

«ወንድሜስ?»

«እሱማ ይመለከተናል፤ መዝገባችን ላይ አለ!»

ተመስገን ነው! በጉ ተመዝግቧል፤ ተኩላው ግን በቋንቋችን ስለማይጮኽ ተኩላ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ሲክስተን እንግሊዝኛ አይችልም። ያለችው የዓሣ መንጠቆ መግዣ የምትሆን ጥቂት ቃል ናት። ውሉን ሳያነብ «እስማማለሁ» የሚለውን ነካ። እንደ እናንተ አባባል ማንም አላነጣጠረበትም፤ ጥይቱ እንዲያው ሲያልፍ አግኝቶት ነው። አሁን ለቁማሩ አስይዞ ስለተበደረበት፣ ባንኩ አባታችን በእጁ የሠራውን ቤት ሊሸጥበት ነው። የሲክስተን ልጅ ቱቫ መጻሕፍቷን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ትገኛለች። እሷንም ዒላማ ያደረገ የለም።

ሦስተኛ፦ ትጋታችሁንማ ማን ይክዳል? ባለፈው የሚድሶመር የበጋ በዓል እኛ የስፖርት ማኅበሩ ሴቶች በጥቂት ክፍያ የምትሽከረከር የቸኮሌት ዕጣ መንኮራኩር አቁመን፣ ዕድል የቀናው ቸኮሌት እየወሰደ፣ ገቢው ለልጆች ሜዳ እንዲውል ስናደርግ፣ በሕጋችሁ ስም አንድ ሹም ፈቃድ ሊጠይቀን ከች አለ። ጎረቤቴ ጉንቦርግ፣ «አንተ ልጅ፣ እስቲ አንዴ አሽከርክራት፤ ብትሸነፍ ጥርስህ ይተርፋል!» ብትለው እንኳ ፈገግ አላለም። ወይ ቆራጥነት! ከቸኮሌት አድናችሁናልና ውለታችሁን አንረሳም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሕጉ ቋንቋውን ትቶ ሰውየውን ይመልከት። የሚጫወተው ሰው እዚህ ከሆነ፣ የሚፈርሰውም ቤት እዚህ ከሆነ፣ ቁማሩም እዚሁ ነው። ይህን ለመረዳት ጠበቃ መሆን ያስፈልጋል?

ስብሰባዎ እንዳይቋረጥ፣ እንቅልፍዎ እንዳይጓደል፣ እንደ እኔ ያለች ለፍላፊም ስልክዎን እንዳታንቃጭልብዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሲቭ ሄድክቪስት

ተጨማሪ፦ ሲክስተን ሰሞኑን ቁማሩን ተወት አድርጎ፣ ፊቱም ፈታ ብሎ ነበር። ትናንት ከቱቫ ጋር እኔ ቤት ምሳ ስንበላ ያ ድረ ገጽ መልእክት ላከለት፦ «ውድ ሲክስተን፣ ናፍቀኸናል! ስጦታህ ይጠብቅሃል፤ ተመለስ።» አንድ ቃል ሳያደናቅፈው ጮክ ብሎ አነበበልን፣ ሹካውን አስቀመጠ፣ ስልኩን ይዞ ወጣ። መልእክቱን አንድ ፊደል ሳላጎድል ገልብጬ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቋንቋው ስዊድንኛ ካልሆነ ምን እንደሚባል እባክዎ ይጻፉልኝ፤ ለቱቫ ምን ብዬ እንደምነግራት ጨንቆኛል።